የጋሽ ጌጡ አሥራ አምስት ቀን

ጋሽ ጌጡ አሥራ አምስት ቀን ዘግይተው እንዲሞቱ የተወሰነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በገዛ መጋዘናቸው ውስጥ፣ በባዶ ጠርሙስ ሣጥኖች መካከል ነው። ልጃቸው እስከዳር ከሣጥኖቹ ክምር ማዶ ቆማ የግሮሰሪዎችን ትእዛዝ ትጽፍ ነበርና ሁሉንም ሰማች። «እንግዲህ ጥቅምት አሥራ ሁለት የነበረውን ጥቅምት ሃያ ሰባት ማለት ነው። ሌላ የሚነካ ነገር የለም፤ ቀኑ ብቻ» አለ ወንድሟ ምንተስኖት፣ የጭነት ቀን እንደሚያሸጋሽግ ሰው በተለመደ ድምፁ። አብሮት የነበረው ማዕረግ የሚባል የፋብሪካው የሽያጭ ተቆጣጣሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ይህን አልሰማሁም። ነግሬያችሁ እንደ ሆነም አልነገርኳችሁም» አለ። እንዲህ ብሎም አልሄደም። አንድ ባዶ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና፣ ወረቀቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከደረሰው ማመልከቻውን ይዞ ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን እንደሚገባ፣ ነገ ጠዋት ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን እሱም ምንም ሊያደርግ እንደማይችል ቀስ ብሎ አስረዳ። ክፉ ሰው አይደለም። በቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ተከትሎ በእግሩ የሄደ፣ ድንኳኑ ውስጥም አብሯቸው ያደረ ልጅ ነው።

ጋሽ ጌጡ በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ለአሥራ ስድስት ዓመት የአንድ ቢራ ፋብሪካ ወኪል አከፋፋይ ነበሩ። ከፋብሪካው ጋር የተዋዋሉበት ሰነድ አሥራ አንድ ገጽ ነው። እስከዳር ከዚያ ውስጥ አንዱን፣ ስለ ማስተላለፍ የሚናገረውን አንቀጽ አሥራ አራትን፣ በሦስት ቀን እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። ውክልናው አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ፋብሪካው በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር በስጦታም ሆነ በውርስ ለሌላ አይተላለፍም። ወኪሉ በሞት የተለየ እንደ ሆነ ግን ከወራሾቹ አንዱ፣ ከሞተበት ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ የሞት ምስክር ወረቀት አያይዞ ካመለከተ ከማንም ይቀድማል። ሠላሳው ቀን ካለፈ ቀጠናው ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ይህን የጻፈው ሰው የመንዝን ሰው አያውቅም። እዚህ አርባው ሳይወጣ የሟች መሳቢያ አይከፈትም፣ ልብሱ ከተሰቀለበት አይወርድም፤ ስለ ንብረቱ ያነሳ ሰው አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ተብሎ ይታማል። እነሱም ጠበቁ። ፋብሪካው ቢራውን መላኩን ስላላቋረጠ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰላቸውም። አርባው በኅዳር ጽዮን ዋለ፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ተዝካሩ በሽሮና በጠላ ወጣ። በማግስቱ እስከዳር መሳቢያውን ስትከፍት ሠላሳው ቀን ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። አንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴም ቀጠናውን ጠይቆ ማመልከቻውን አስገብቷል።

ከመሳቢያው የወጣው ውሉ ብቻ አልነበረም። ከጀርባው፣ ፋብሪካው ከአራት ዓመት በፊት ለወኪሎቹ ሁሉ የላከው አንድ ቅጽ ተያይዟል፤ ወኪሉ በሕይወቱ ሳለ ተተኪውን የሚያሳውቅበት። አባቷ ከታች ፈርመዋል። የተተኪው ስም የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነው። ቅጹ የመጣ ዕለት እስከዳር አጠገባቸው ነበረች። «በእግሬ እየሄድኩ ማን ይተካኝ ብዬ ልጻፍ? ሟርት ነው» ብለው ስቀው ነበር። ሟርቱን ፈርተው ይሁን ወይም ወንድ ልጅ እያለ የሴት ልጅ ስም መጻፍ ከብዷቸው፣ ጠይቃቸው አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ሠርታለች። የትኛው ግሮሰሪ አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ቀላቅሎ እንደሚመልስ፣ የትኛዋ ባለቤት ለሠርግ ሰሞን ቀድማ እንደምትይዝ፣ ክረምት ላይ የዘመሮ መንገድ በጭቃ ሲያዝ ጭነቱ በየት ዞሮ እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ናት። ምንተስኖት አይሱዙውን ይነዳል፤ የቀረው ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ሥራው የእሷ፣ ስሙ የአባቷ ነበር። ውክልናው ከሄደ መጋዘኑ ባዶ የድንጋይ ቤት ሆኖ ይቀራል፤ እሷም በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ከሰው ደጅ ሥራ ልትጠይቅ ነው።

መጋዘኑና መኖሪያ ቤቱ በአንድ በር ይገናኛሉ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከቀብሩ ወዲህ በዚያ በር አልፈው አያውቁም፤ ባላቸው የሞቱት መጋዘኑ ውስጥ ነው። መደቡ ላይ ካለችው አንዲት ቦታቸውም እምብዛም አይነሱም። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ሌሊት የወረደው ውርጭ በፀሐይ እየቀለጠ ከቆርቆሮው ይንጠባጠባል። የተዝካሩ ብርጭቆዎች ለዕድሩ ሳይመለሱ ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ምንተስኖት እናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ነገሩን አስረዳቸው፤ ለሞት ምዝገባው ቃል የሚሰጡት ሚስት በመሆናቸው እሳቸው እንደ ሆኑ፣ የሚጠበቅባቸውም አንዲት ቀን መጥራት ብቻ መሆኑን ነገራቸው።

«ሃያ ሰባት ነው የምትይው፣ እማዬ። በቃ፤ ሌላ አትናገሪ።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ «አርባውስ?» አሉ።

«አርባው ምን ሆነ?»

«በጽዮን አወጣን። በሃያ ሰባት ከሞተ፣ ያን ዕለት ገና ሃያ አምስት ቀኑ ነው።» ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ። «ሣልስቱም፣ ሰባቱም… በቁሙ ነዋ ያደረግንለት።»

«ወረቀት ነው፣ እማዬ። እግዜር ወረቀት አያነብም።»

እስከዳር እናቷ ወደ እሷ ዞር እንዲሉ ጠበቀች። እምቢ ካሉ ልትቆጣ፣ እሺ ካሉ ልታፍር ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ሁለቱንም አላሉም። ተነሥተው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ደጅ ወጥተው ቆሙ።

አንድ ባጃጅ የቀብር ደብዳቤ እስከሚወጣበት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ሰው ስልሳ ብር ሲላቸው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ነፋሱ ከፊት ይመጣል። እናትና ልጅ አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው ነበር የሚራመዱት፤ አርባ ቀን ሙሉ በአንድ ቤት እንዲህ ነው የኖሩት፤ ተጣልተው ግን አይደለም። ከአደባባዩ አለፍ ሲሉ ጌታነሽ የግሮሰሪዋን ደጅ ስትጠርግ አገኟት።

«እስኩዬ! ጾም ነው ብለሽ ልታስጠሚን ነው እንዴ?» አለች ጌታነሽ ከሩቅ። «ከትናንት ወዲያ ያዘዝኩት አምስት ሣጥን የት ገባ?»

«ከሰዓት ይመጣል።»

«ከሰዓት ከሰዓት እያልሽ ቁርጥ አባትሽን ሆንሽ!» እናትየዋን ስታይ መጥረጊያዋን ጥላ መጥታ አቀፈቻቸው። «እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ። እንዴት አድረዋል?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ እስከዳር ጠጋ አለች። «ሌላ ሰው ይመጣል ይላሉ። ውሸት ነው በይኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር ለአንድ የተሸረፈ ጠርሙስ ስነታረክ ልውል ነው? ካንቺ ጋር መጣላቱን ለምጄዋለሁ።»

«ገና አልታወቀም።»

«ቶሎ ይታወቅ! ቢራው በጨመረ ቁጥር ጠጪው የሚሰድበው ፋብሪካውን አይደለም፤ እኔን ነው። እኔም የምሰድበው ሰው ያስፈልገኛል።»

እስከዳር ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች በኋላ እናቷን አየች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወደ ፊት መሄድ ጀምረው ነበር።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል በጠባቡ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ቀብሩንም ተዝካሩንም የመሩት እሳቸው ናቸው። የሞት ምዝገባ ያለ ቤተ ክርስቲያኑ የቀብር ደብዳቤ አይሆንም። ወይዘሮ ጥሩሸዋ አልገቡም፤ መቃብሩ ከሚታይበት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲሚንቶው ገና አዲስ ነው። ምንተስኖት ራሱ ለአርባው ብሎ ባሠራው መስቀል ላይ ጥቅምት 12 የሚለው በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። መሪጌታ መጀመሪያ ስለ ውርጩ አወሩ፤ የጊሼን ገብስ ለእሸት ሳይደርስ እንዳቃጠለው ሰምተዋል፤ የበግ ዋጋም ጾሙ እስኪፈታ ሳይጠብቅ ከአሁኑ መውጣት ጀምሯል። እስከዳር እሺ፣ አዎ ስትል ቆይታ የመጣችበትን ተናገረች። የሚፈለገውንም ቀን ጠራች። መሪጌታ አልተቆጡም። አንድ ነጭ ወረቀት ሳቡና በዚያ እንደ ብራና ጽሑፍ በተስተካከለ እጃቸው መጻፍ ጀመሩ። የሟቹን የዓለም ስም፣ የክርስትና ስማቸውን ወልደ ሚካኤልን፣ በደብሩ መቀበራቸውን ጻፉ። ቀኑ ጋ ሲደርሱ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ዘለሉና ቀጠሉ።

«ቀኑ ቀረ፣ መሪጌታ።»

«አልቀረም፤ ትቼው ነው።» ማኅተሙን ከጨርቅ ከረጢቱ አወጡ። «መዝገቡ ላይ አንድ ቀን ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛ አልጽፍም። የጌጡን ልጅ ደግሞ ደብዳቤ ከልክዬ ባዶ እጇን አልሰድም። ሲሞት አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ሙዪው።» ማኅተሙን እፍ ብለውበት መቱት።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህ ሁለተኛው ባዶ መስመር ነው። እስከዳር ወረቀቱን አጥፋ በያዘችው ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት እስኪደርሱ ድረስ እስክሪብቶዋን ሁለት ጊዜ ከቦርሳዋ አውጥታ ሁለት ጊዜ መለሰችው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። መዝጋቢዋ ትሕትና የምትባል ወጣት ናት፤ ከሹራቧ በላይ ጋቢ ደርባ፣ እጇን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች ትጽፋለች። ከእነሱ ፊት ባልና ሚስት ሕፃን ሊያስመዘግቡ መጥተው በልደቱ ቀን ይከራከራሉ። ባልየው ሐሙስ ነው ይላል። «አንተ ምን ታውቃለህ?» አለችው ሚስቱ ልጁን እያጠባች። «ገበያ ነበርክ። እኔ ነኝ የነበርኩት።» አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባልየውም ሳቀ፤ ትሕትናም እየሳቀች ሚስትየዋ ያለችውን ጻፈች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አጣምረው መሬት መሬቱን ያያሉ። እስከዳር ከጎናቸው ሆና፣ እናቷ አሁን ተነሥተው አልዋሽም ቢሉ ምን እንደምትመልስ ታስብ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷን ልትነግራቸው፣ የመጋዘኑን ባዶነት ልታነሳባቸው፣ አባዬ ቢኖር ምን ይል ነበር ልትላቸው ቃላት ትመርጥ ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ትሕትና ደብዳቤውን አየችው። «ቀን የለውም። ይሁን፣ በቃል እይዘዋለሁ፤ ኋላ አስሞልታችሁ ታመጣላችሁ። የሟች ባለቤት እርስዎ ነዎት? እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሞቱበት ቀን?»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ። «ጥቅምት ሃያ ሰባት» አሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «በመድኃኔ ዓለም።»

እስከዳር እናቷን ዞር ብላ አየቻቸው። ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ሥራ ፈትቶ አፏ ውስጥ ቀረ። በልጅነቷ ገበያ ላይ አንድ ሳንቲም ተርፎ ቢመለስላቸው ካሉበት ተመልሰው የሚሰጡ፣ ለትንሿ ስሕተት የንስሐ አባታቸውን ፈልገው የሚሄዱ ሴት ናቸው። መስቀሉ ላይ ያለውን ቀን እያዩ ሲቀመጡ እምቢታቸውን እያጸኑ መስሏት ነበር። ለካ ይህን ሲለማመዱ ነው። ለእሷ ብለው ነው።

«በስንት ሰዓት?» አለች ትሕትና፣ ቀና ሳትል።

ሰዓት ምንተስኖት አልነገራቸውም። «ጠዋት…» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ጠዋት ነው። እኔ…» ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሄደ። በሐሳባቸው በጥቅምት ሃያ ሰባት ጠዋት ውስጥ ባላቸውን ይፈልጉ ነበር። ያን ጠዋት ድንኳኑ ከፈረሰ ሰንብቷል፣ ከራቤል የመጡት ዘመዶች ተሸኝተዋል፣ ከአልጋው አንዱ ወገን እንደ ተነጠፈ ነው። የትም አላገኟቸውም።

«ማን ነበር አብሯቸው?» አለች ትሕትና ልትረዳቸው ብላ።

«እኔ» አለች እስከዳር። «ጥቅምት አሥራ ሁለት ነው። እናቴ ተሳስታ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። እሷ ሚካኤል ልታስቀድስ ሄዳለች፤ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው። እኔ ነበርኩ ያለሁት።»

«አሥራ ሁለት ልበል?»

«አሥራ ሁለት በይ።»

ትሕትና ሁለቱንም አየቻቸው። ሠላሳ ቀን ስላለፈው ዘግይቶ የተመዘገበ የሚል ማኅተም እንደሚመታበት ብቻ ነገረቻቸው። እስከዳር በደብዳቤው ክፍት ቦታ ላይ በራሷ እጅ ጥቅምት 12 ብላ ጻፈችና ክፍያውን ከፍላ ምስክር ወረቀቱን ተቀበለች።

ከግቢው ውጭ፣ ነፋስ ከማይደርስበት ግድግዳ ሥር ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቆሙ። እስከዳር ለምን ይሉኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሌላ ነበር የያዙት።

«አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ ነው ያልሽኝ።»

«ተናግሯል» አለች እስከዳር።

ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው። አባቷ ያን ጠዋት ከበሩ አጠገብ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ከአንድ ጫኝ ጋር ስለ ተሰበረ ጠርሙስ ትከራከራለች። ቁልፉን ያዢው አሏት። አስቀምጠው፣ እመጣለሁ አለቻቸው፤ አልዞረችም። ጫኙ እኔ አልሰበርኩም አለ፣ እሷም ሰብረሃል አለች፤ ያ ሁሉ ለአንድ ጠርሙስ ነበር። ስትዞር ራሳቸውን ሣጥኖቹ ላይ አስደግፈው ነበር፣ ቁልፉ ጭናቸው ላይ። ያን ቀን ወደ ሌላ ቀን ብታሻግረው ይህም ጀርባዋን የሰጠችበት ደቂቃ አብሮ የሚጠፋ መስሏት እንደ ነበር፣ ጠዋት ሣጥኖቹ ማዶ ሆና ስትሰማ ዝም ያለችውም ለዚህ ጭምር እንደ ሆነ ነገረቻቸው። አላለቀሰችም። ስታወራ የምስክር ወረቀቱን ጠርዝ በጣቷ ታጥፍና ትዘረጋ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ አዳመጡ። «ቁልፉን ያዢው አለሽ?»

«በየቀኑ የሚለው ነው፣ እማዬ። ደከመኝ ባለ ቁጥር የሚላት ቃል ናት። ሌላ ትርጉም የላትም።»

«በየቀኑ ይሰጥሽ ነበር እኮ» አሉ እናቷ።

መንገድ ሲጀምሩ የእስከዳርን ክንድ ያዙ። እስከ ቤት አልለቀቁትም።

የመጋዘኑ ደጅ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ምንተስኖት ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ቀኑን አነበበ። እጁን ይጠርግበት የነበረውን የዘይት ጨርቅ መሬት ላይ ወረወረ። እናቱን አያቸው፣ እህቱን አያት፤ ሄዶ አይሱዙው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወደ ቤቱ፣ እስከዳር ወደ መጋዘኑ ገቡ። ማዕረግ ወረቀቱን ለብቻው አነበበው፤ ዘግይቶ የተመዘገበ የሚለውን ማኅተም በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «እንዲህም ሆኖ ላመልክት ካልሽ እወስደዋለሁ» አለ። እስከዳር የትእዛዝ ደብተሯን ገለል አድርጋ ማመልከቻውን መሙላት ጀመረች። የአመልካች ስም በሚለው ላይ እስከዳር ጌጡ ብላ ጻፈች። የዘገየበት ምክንያት የሚለው ጋ ስትደርስ አላመነታችም፤ አርባው እስኪወጣ እየጠበቅን ስለ ነበር ብላ ጻፈች።

ማዕረግ ከትከሻዋ በላይ አነበበ። «ይህን ምክንያት ብለው አይቀበሉም። መንገድ ተዘግቶ ነው በይ።»

«መንገዱ ክፍት ነበር። ቢራው ይገባ የለ?»

«እንግዲያ ሌላ ፈልጊ፣ እስከዳር።»

«ሌላ የለንም።»

ማዕረግ ሰዓቱን አየ። ማመልከቻውን፣ ምስክር ወረቀቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ፣ የነገውን ውሳኔ ከወዲሁ እንደሚያውቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ አንድ ላይ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሊሰናበት ዞር ሲል በመኖሪያ ቤቱ በር ወይዘሮ ጥሩሸዋ ገብተው ቆመው አየና መንገድ ለቀቀላቸው። አርባ አራት ቀን አልፎ መግባታቸው ነው። ሣጥኖቹን፣ ጣሪያውን፣ የበሩን ብርሃን አዩ።

«የት ጋ ነው?»

እስከዳር በእጇ አሳየቻቸው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሄደው ከክምሩ አንድ ባዶ ሣጥን አወረዱ፤ ማዕረግ ሊያግዛቸው ቢጠጋ በእጃቸው ከለከሉት። ራሳቸው ገልብጠው አስቀመጡትና ተቀመጡበት፤ ጀርባቸውንም ቀስ ብለው ሣጥኖቹ ላይ አስደገፉ። ማዕረግ እጅ ነሥቶ ወጣ፤ የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ወደ ደብረ ብርሃን መውጫ እየራቀ ሄደ።

እስከዳር ደብተሩን መልሳ ሳበች። ጌታነሽ፣ አምስት ሣጥን ይላል፤ ከሰዓት ይመጣል ብላታለች። ወደ ደጁ ወጥታ ምንተስኖትን ጠራችው። ጥቂት ቆይታ ደግማ ጠራችው፤ የአይሱዙው በር ተከፈተ።